ዝግ ብሎ የረጋው

ብሩክታዊት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ኦይታ አጠገቧ ቆሟል። ድሮ ቢሆን ትከሻዋን ነካ አድርጎ «ለእኔም አሳዪኝ እንጂ!» ይላት ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን መካከላቸው ሌላ ሰው የሚቆምበት ቦታ ትቶ ነው የሚቆመው።

ሁለቱም አርባ ምንጭ የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። ከአሮጌ ፒስተን የተገኘ አሉሚኒየም ያቀልጡና የቢላ መሳያ ድንጋይ የሚሠራበትን ጠንካራ ብናኝ ጨምረው፣ አማስለው፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈሱታል። ብናኙ በሁሉም ቦታ በእኩል ከተሰራጨ ቅይጡ ይጠነክራል፤ አንድ ቦታ ከተከማቸ እዚያው ላይ ይሰበራል። የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። አንድ ቀን እጇ ሲዝል ኦይታ ማማሰያውን ተቀበላት፤ ልቧንም አብሮ ሳይወስድ አልቀረም።

አባቷ ጋሽ ሽመክት ከደብረ ታቦር መጥተው እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከፋሲካ በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። የሚያስቀራት ነገር ከሌለ ብሩክታዊትም መሄዷ ነው።

የሚያስቀራትማ ነበር። በመስቀል ማግስት የኦይታ ሽማግሌዎች ቤታቸው መጥተው ነበር። ሽማግሌ መባላቸው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ሦስቱም ሚስት ያላገቡ ወጣት መምህራን ነበሩ። የትውልድ ቀዬው ካምባ ያሉትን አዛውንት ዘመዶቹን መንገድ እንዳያደክማቸው ሲል ኦይታ በእነሱ ተካቸው። ጋሽ ሽመክት በክብር ተቀብለው፣ «ዘመድ ሳንጠይቅ መልስ የለንም» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ብሩክታዊት ኩራቷ ይዟት ለምን ብላ አልጠየቀችውም፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ታለቅስ ነበር።

«ምን ይታያል?» አለ ኦይታ።

«ራስህ እየው።»

አጎነበሰ። ቀድሞ የረጋው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። ብናኙ ተገፍቶ፣ መጨረሻ ላይ በረጋው ጥጋጥግ ተከማችቷል።

«በደንብ አማስለን ነበር እኮ!»

«ማማሰሉ አይደለም። በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ነው ያፈሰስከው፤ ሙቀቱን ይዞ ዘገየ። ዝግ ብሎ ሲረጋ ብናኙን ፊት ፊቱን እየገፋ ይሄዳል። ይኸኛው ግን...» ሌላ ናሙና አስቀመጠችለት። «በብረት ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው ነው። ቶሎ ስለረጋ ብናኙን ባለበት ያዘው።»

ኦይታ ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። «እኔ ደግሞ ቀስ ያለ ነገር ሁሉ ደህና ይመስለኝ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?»

«እንቁላልህ እግር እስኪያወጣ እኔ ደብረ ታቦር ገብቻለሁ!»

አምልጧት ነው። ፊቷ ቀላ፤ ኦይታም ቀና ብሎ አያት። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ተያይተው አያውቁም።

«አባትሽ እምቢ ካሉኝ ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ።

«ማን እምቢ አለህ?»

«መምህራኑ ናቸዋ የነገሩኝ። ጨዋ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ስለማይል ነው ዘመድ እንጠይቅ ያሉት፣ አሉኝ። ደጋግሞ ማስቸገር ነውር መሰለኝ።»

ብሩክታዊት ሳቀች። እየሳቀችም እንባዋ መጣ።

«አንተ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ሴት ልጁ ሸክም የሆነችበት አይመስልም? አባዬ እኮ እሑድ በመጣ ቁጥር ጋቢውን ለብሶ በር በሩን ያያል!»

ኦይታ ናሙናዎቹን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። በዚያው ቀን በአይሱዙ ተሳፍሮ ካምባ ሄደ።

እሑድ ጠዋት እውነተኞቹ ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ጋሞ አባቶች ወግ ርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዘግይተናል፤ ይቅርታ ልንለምን ነው የመጣነው» አሉ ታላቅየው።

ጋሽ ሽመክት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ብድግ አሉ።

«ኧረ ግቡ! ዘመዱን ሁሉ ጠይቀን ከጨረስን ቆየን እኮ። ምነው ቀራችሁ?»

ብሩክታዊት ጓዳ ሆና ሰማችና ቡና ልትቆላ ተነሳች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርጉ ሲያልፍ፣ ጋሽ ሽመክት እንዳሉት ሄዱ። መኪናው ሲነሳ ልጃቸውና ባሏ አስፋልቱ ዳር ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ። መካከላቸው ሌላ ሰው የሚቆምበት ቦታ አልነበረም።