የሦስተኛ ፎቅ መነጽር

በሦስተኛው ፎቅ ጠዋት የሚጀምረው በቃጭል ነው። ከኮሪደሩ ጣሪያ ሥር በተዘረጋ ገመድ ላይ አንዲት ቅርጫት ከበር ወደ በር ትሄዳለች፤ ቅርጫቷ ውስጥ መነጽሩ አለ። ተራው የደረሰ ሰው ቃጭሏን ሲሰማ በሩን ይከፍታል፣ መነጽሩን አንስቶ ያደርጋል፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ጥቂት ትንፋሽ ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚያየው በራሱ ዓይን ልክ አይደለም፤ ከእሱ በፊት መነጽሩን ባደረገው ጎረቤት ዓይን ልክ ነው። ቆይቶ ሌንሱ ይለምደውና ዓለሙ ይጠራል።

"ዛሬ ደግሞ በሙሐባው ዓይን ነው የነቃሁት" ይላሉ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ፋናዬ ከበራቸው ሆነው። "ግድግዳው ሁሉ ጠጥቶ ያደረ ይመስላል።"

"እኔስ እትዬ! ባለፈው በአንቱ ዓይን ያየሁ ጊዜ ሚስቴ ሁለት ሆና መጣችብኝ" ይላል ሙሐባው ከማዶ። "አንዷን መቼ ቻልኩና!"

ይህን እንደ ጉድ የሚቆጥር የለም። ከጦሳ ተራራ ጥግ በተሠሩት በእነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ፣ በመስኮታቸው ሥር የኬብል ጋሪዎች በገመድ ተንጠልጥለው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ እያዩ የሚኖሩት ሰዎች መነጽር የሚጋሩት ሌላ መንገድ ስላጡ ነው። መነጽር ሞርደው የሚሸጡ ሱቆች ከተዘጉ ቆይተዋል። የቀረው ለማጅ ሌንስ ነው፤ በሁለት ስስ ብርጭቆዎች መካከል የታሰረ፣ የዓይንን ጉድለት አንብቦ ቅርጹን በዚያው ልክ የሚለውጥ ፈሳሽ። አንዱ የአንድ ሰው የዓመት ደሞዝ ይበላል። አምራቾቹ ደግሞ ለአንድ ፊት ብቻ እንዲሠራ አድርገው ይቆልፉታል፤ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ለልጁ አያገለግልም።

የሦስተኛው ፎቅ ሰዎች ስለዚህ የዓይን እድር አቋቋሙ። ለቀብር ድንኳንና ድስት በጋራ እንደሚገዛው መነጽርም በጋራ ገዙ። ቁልፉን የፈታችላቸው ዘቢባ እንድሪስ ናት። ዘቢባ የሌንስ ጥበብን ኮሪያ ተምራ የተመለሰች፣ ከኬብል ጣቢያው ሥር ባለው የጥገና ቤተ ሙከራ የምትሠራ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የምትኖር ጎረቤታቸው ነበረች። ለእሷ መሥሪያ ቤቷ ለፊቷ ብቻ የተቆለፈ የራሷን መነጽር ሰጥቷታል፤ ከቅርጫቷ ተራ ጠብቃ አታውቅም።

ቁልፉን ስትፈታ ሌንሱ ባለቤቱን የሚለይበትን ክፍል መንቀል ግድ ሆነባት። ከዚያ ወዲህ ማን እንደመጣበት ስለማያውቅ ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል። አብሮ የተነቀለ ሌላ ነገርም ነበር፤ ዓይን ውስጥ ሕመም ሲያይ ለባለቤቱ የሚናገረው ድምፅ። ባለቤት የሌለው መነጽር ለማን ይናገራል? ዘቢባ ያኔ አስባበት ነበር። ምንም ከማያዩ ይህ ይሻላል ብላ ተወችው።

ብልሽቱ የተሰማው የፎቁ ሽማግሌ ጋሽ ይመር የእድሩ ዳኛ ሆነው በተመረጡ ሳምንት ነው።

ወይዘሮ ፋናዬ መነጽሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ቤተ ሙከራው ወረዱ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ታሟል" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ጠዋት ሳደርገው ክፍሉ ሁሉ ይሸሸኛል። መቀሴ የጉንዳን እግር ያህላል። የቤቴ በር ማዶ ተራራ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። የምወድቅ መስሎኝ አልጋዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይለቃል፤ ግን ከወትሮው ይዘገያል። ትናንት ሙሐባው ነበር ሁለተኛ፣ እሱም ኮሪደር ላይ ተንበርክኮ ነው የጠበቀው። ያ ሁሉ አፉ ተዘጋ ስልሽ!"

ዘቢባ መነጽሩን መመርመሪያው ላይ አስቀመጠችው። ፈሳሹ ንጹሕ ነው። ብርጭቆው አልተጫረም። የሚነበበው የወይዘሮ ፋናዬ ዓይን ብቻ ነው፤ የቀደመው ሁሉ ጠፍቷል።

"አጥሪልን" አሉ ወይዘሮ ፋናዬ። "አንዱ የተወውን ሌላው እንዳያይ አድርጊልን። እሑድ ስብሰባ አለ፤ ለሁለተኛው መነጽር ያጠራቀምነው ሞልቷል። አዲሱ እስኪመጣ ይሄ ይሥራልን እንጂ። እኔ እንደሆነ ረፋድ ላይ ስለምነጠቅ የአንገት ጥልፍ መቀበል ካቆምኩ ከረምኩ።"

ቀላል ነገር ነበር። መነጽሩ ከፊት በወረደ ቁጥር ሌንሱ ወደ ልሙጥነቱ እንዲመለስ ማዘዝ ብቻ። ዘቢባ እጇን ወደ መመርመሪያው ከዘረጋች በኋላ ቆመች። ለማጅ ሌንስ ዓለምን ያለ ምክንያት አያሳንስም። የሚያሳንሰው የዓይኑ መስክ ሲጠብ ነው፤ ዳርና ዳሩ ለጨለመበት ዓይን ሰፊውን ሥዕል አጥፎ በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይከትለታል። ይህ ግላኮማ ነው፤ ዓይን ውስጥ የሚጨምር ግፊት ነርቩን ከዳር ወደ መሃል፣ ያለ ምንም ሕመም፣ ቀስ እያለ የሚገድልበት በሽታ።

"እትዬ፣ ከእናንተ በፊት ማነው የሚያደርገው?"

"ጋሽ ይመር ናቸዋ! ዳኛ ሆነው መጨረሻ ይሁኑ? እሳቸውማ እንደ ልማዳቸው ‘እናንተ ቅደሙ፣ እናንተ ቅደሙ’ ብለው ነበር። በሞቴ ብለን አስገደድናቸው።"

እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ጋሽ ይመር የመጨረሻውን ተራ ይወስዱ ነበር። ሁሉም ትሕትናቸውን ያደንቃል። ከእሳቸው በኋላ መነጽሩ ሣጥን ውስጥ ያድርና የእሳቸውን ጨምሮ የሁሉንም ዓይን ይረሳል።

ዘቢባ መነጽሩን ይዛ በራቸውን ስታንኳኳ ጋሽ ይመር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኬብሉን ገመድ እየዞሩ የሚፈትሹ፣ ከሺህ ሽቦ መካከል የተበጠሰችውን አንዷን በዓይናቸው የሚለዩ ሰው ነበሩ። ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ግን በአንድ ጊዜ አላገኟትም። ጭንቅላታቸው ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ ሄዶ ነው ያረፈባት።

"ዘቢባ ነሽ?"

"አዎ ጋሽ ይመር።" ተቀመጠች። "ያውቃሉ አይደል?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከመስኮቱ ሥር አንድ ጋሪ እየተንሿሿ አለፈ።

"ይሄን ጋሪ ከመምጣቱ አየው ነበር፤ ከሄደ በኋላም" አሉ። "አሁን ፊቴ ሲደርስ ብቻ ብቅ ይልና ይጠፋል። በመነጽሩ ግን ሁሉም አለ። ትንሽ ነው፣ ግን አለ።"

"ሊታከም ይችላል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ግን ይድናል። ግፊቱን የሚያስተነፍስ ስስ ቱቦ ዓይንዎ ውስጥ ይተከላል። ካልሆነ የቀረው ብርሃን ከርሞን አያልፍም።"

"ዋጋውን አጣርቻለሁ። ልክ የሁለተኛውን መነጽር ያህላል።" ሳቅ አሉ። "የሚገርም ነው፣ አንዲት ሳንቲም አይዛነፍም። ፋናዬ ያንን መነጽር ስትጠብቅ ጣቷ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። እኔ አይቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ።"

"ማን ነው አይተው ጨርሰዋል ያለዎት?"

"አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ሥራ ብርጭቆ መጠገን ነው። ጠግኚው።"

ዘቢባ ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዓይኑ የእሳቸው መሆኑ ትዝ አላት። ምስጢሩም የእሳቸው ነው። ኮሪያ ሳለች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የሐኪሙ ድርሻ ይህ፣ የታማሚው ድርሻ ይህ ተብሎ በግልጽ ተነግሯታል። የአንዱ ዓይን ለሌላው ስለሚደርስበት ስለ ቅርጫትና ስለ ቃጭል ግን ማንም የነገራት አልነበረም። ከመነጽሩ ክንድ ላይ ሁለት ነጥቦች አሳየቻቸው።

"ይችን ከተጫኑ ያንቱ ዓይን ከሌንሱ ላይ ወዲያው ይጠፋል፤ ማንም አያየውም። ይችኛዋን ከተጫኑ ደግሞ እስኪለቋት ድረስ ሌንሱ ማንንም አይለምድም፣ ያንቱ ዓይን እንዳለ ይቆያል። የሚመርጡት አንቱ ነዎት።"

በጣታቸው ዳስሰው ለዩአቸው። "ማጥፊያዋ ይችኛዋ?"

"ይችኛዋ።"

"አብሽሪ" አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የፎቁ ሰው በጋራ አዳራሹ ተሰበሰበ። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጋሽ ይመር ፊት ተቀምጧል።

"እመቤት መሐንዲስ፣ በሽተኛው ዳነ?" አለ ሙሐባው።

"መነጽሩ በሽተኛ አይደለም" አለች ዘቢባ። ጋሽ ይመርም ወደ እሷ አልዞሩም።

ስለ ሁለተኛው መነጽር ንግግር ተጀመረ። ጋሽ ይመር በዳኝነታቸው ‘ለፋናዬ ይሁን፣ የጥልፍ ሥራ ዓይን ይፈልጋል’ ሊሉ ጉሮሯቸውን እያጠሩ ነበር። ሙሐባው ቀደማቸው።

"ዳኛችን ካልተቆጡ አንድ ነገር አለኝ። እኛ ተማክረናል። ይሄን ያህል ዘመን መጨረሻ ሲሆኑ ኖረዋል። አዲሱ መነጽር ለጋሽ ይመር ይሁን። ለብቻቸው! ቅርጫት የለ፣ ቃጭል የለ፣ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ከራስጌያቸው።"

"ይሁን!" አሉ ወይዘሮ ፋናዬ ከሁሉም በፊት።

"ይሁን! ይሁን!" አዳራሹ ተቀበለ።

"ኧረ አይሆንም" አሉ ጋሽ ይመር። "እናንተ ቅደሙ። ፋናዬ ትውሰደው።"

"በሞቴ ጋሽ ይመር!"

"እኔ ልሙት፣ እምቢ አይበሉ!"

"ዛሬ እንኳ እሺ ይበሉን እንጂ!"

ዘቢባ የሽማግሌውን እጅ አየች። ማጥፊያዋ ነጥብ አጠገብ ነበረ። ከከርሞ በኋላ ከራስጌያቸው ተቀምጦ አቧራ የሚለብሰውን፣ ለጨለመ ዓይን የተሰጠውን ያን ውድ ስጦታ እያሰቡ እንደሆነ ገባት። ሰው ላለማስቸገር የደበቁት ነገር ሰውን ሁሉ ሊያስከፍል ነው።

ጋሽ ይመር መነጽሩን አደረጉ። የተሰበሰበውን ሰው ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው አዩ። ሁሉም ሰው እሺ ሊሉ ነው ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ አወለቁት። ጣታቸው በማጥፊያዋ ላይ ለአፍታ ቆየ፤ አለፋትና ሁለተኛዋን ጫነ።

"ፋናዬ፣ ነይማ። ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊና እዪ። እንዳትለቂ።"

ወይዘሮ ፋናዬ አደረጉት። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። በነጻ እጃቸው አየሩን ዳሰሱ፣ ጠረጴዛውን ፈለጉ፤ አጠገባቸው የነበረውን ጠረጴዛ ጋሽ ይመር እጃቸውን ይዘው አስነኳቸው።

"ሁላችሁም... የት ሄዳችሁ?" አሉ በቀጭን ድምፅ። ወደ ሽማግሌው ዞረው ደግሞ "ጋሽ ይመር፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያዩን?"

"በመነጽሩ ነው እንዲህ። ያለ መነጽሩማ የሚታየኝ መሃል ላይ ያለው አንድ ፊት ብቻ ነው።"

ነጥቧ እንደተጫነች መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሙሐባው ሲያደርገው "በዚህ መጠን ከሆነ የሚያዩኝ፣ ለምን ታዲያ..." ብሎ ቀልዱን ጀመረና መጨረስ አቃተው። ተቀምጦ ግንባሩን ያዘ። ዘቢባ ዘንድ ሲደርስ ዘለሏት፤ የራሷን አድርጋለች።

መነጽሩ ዞሮ ሲያበቃ ቀድመው የተናገሩት ወይዘሮ ፋናዬ ናቸው። "ዓይናቸው ይታከም። ቅርጫቱ እንደሆነ ይዞራል።"

"ፋናዬ፣ ጥልፉ..."

"ጋሽ ይመር፣ አንዴ እንኳ ይቅደሙ ስንል ይቅደሙ!" አሉ ጮክ ብለው፣ እያለቀሱ።

ጋሽ ይመር ለመነጽሩ በተጠራቀመው ገንዘብ ታከሙ። የቀረው ብርሃን ተረፈ፤ የጠፋው አልተመለሰም። ወይዘሮ ፋናዬ የአንገት ጥልፍ ሥራቸውን ታች ገበያ ላለች፣ የራሷ መነጽር ላላት ሰፊ አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ መትከልና ጫፍ መዘምዘም ብቻ ሆነ ሥራቸው። ዘቢባ በበራቸው ባለፈች ቁጥር የቆመውን የጥልፍ ማሽን ታያለች። ትክክለኛው ፍርድ ያ ነበር ወይ ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ አንዳንድ ቀን መልሱ አዎ ነው፣ አንዳንድ ቀን መልስ የለውም። ማጥሪያውን ግን ዳግም የጠየቃት የለም። በየማለዳው ቃጭሏ ከጋሽ ይመር በር ትነሳለች፤ ሁለተኛው ሰው አልጋውን ጨብጦ በዚያች ትንሽና ሩቅ ዓለም ውስጥ ጥቂት ይቆያል።

በዓመቱ አንድ ወጣት አስተማሪ ወደ ፎቁ ገባ። ለፊቱ የተቆለፈ አዲስ መነጽር ነበረው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ዘቢባን አስቆማት።

"ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ሰዎቹ ጋሽ ይመርን ሲያገኟቸው ከጎን ሰላም አይሏቸውም። ዞረው ፊት ለፊታቸው ይሄዱና፣ ቆም ብለው፣ ከዚያ ነው እጅ የሚነሡት። ሁሉም! የወሎ ባህል ነው?"

"ነው እንጂ" አሉ ወይዘሮ ፋናዬ ከበራቸው። "ከጥንት የመጣ ነው።"

"ከቅድመ አያት!" አለ ሙሐባው ከማዶ።

ዘቢባ ልታርማቸው አሰበችና ተወችው። ሰውዬው እያደነቀ ሄደ። እሷም ደረጃውን እየወረደች ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃቸውን፣ ምክንያታቸውን ማንም የማይነግራትን የአክብሮት ልማዶች አሰበች። ከመካከላቸው ስንቱ ከአንድ ጎረቤት ዓይን፣ ከአንድ ጎረቤት ጆሮ ወይም ጉልበት ተጀምሮ ይሆን?

ከታች ጋሽ ይመር በምርኩዛቸው እየወጡ ነበር።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ይመር" ብላ እንደ ሁልጊዜው ከጎናቸው አለፈች። እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው ድምፁ ወደመጣበት "እግዜር ይመስገን" አሉ።

ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመች። ሕመሙን በስሙ የምታውቀው እሷ ነበረች። ከማንም ቀድማ ያወቀችውም እሷ ነበረች። ተመልሳ ወጣች፣ አለፈቻቸው፣ ዞራም ፊት ለፊታቸው ቆመች።

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ አንቀሳቀሱ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"ዘቢባ!" አሉ። "ከረምሽ ልጄ። ዛሬ ገና አየሁሽ።"