ከወንበሩ ሳይነሳ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ሽማግሌው፣ ምድር ቤት ባለው የሰርቨር ክፍል ውስጥ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር አጠገባቸው ወድቋል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውና የሟቹ ረዳት የሆነችው ወጣት ቴክኒሻን።

መርማሪዋ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«እህቴ፣ አትድከሚ። ይቺ ልጅ ትናንት ከሽማግሌው ጋር ስትጨቃጨቅ የሰማ ሰው አለ። ውሰጃትና እኛም ወደ ሥራችን እንመለስ።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው በሰፋ ቁጥር ጭንቅላቱም የሰፋ የሚመስለው ሰው ብዙ አይታለች፤ አንዱንም ወዳ አታውቅም። «ቸኩለዋል» አለችውና ቴክኒሻኗን ለብቻዋ ወሰደቻት። አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ጋሼ፣ እረፍት ይውሰዱ ብያቸው ነው። ሥራ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው!» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የበሽተኞች ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ አልከፈት አለ። ሰርቨሩን ፒንግ ባደርገው፣ አለህ ወይ ብዬ ብጠራው፣ መልስ የለም። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ስዊች ግን ወዲያው መለሰልኝ። ስለዚህ ችግሩ ከስዊቹ እስከ ሰርቨሩ ያለው አንድ ክንድ ገመድ ነው። ልወርድ ስል አራት ተኩል ላይ ተመለሰ። ጋሼ ሰክተውት ነው ብዬ ተውኩት።»

«ማዋለጃ ክፍል ማን አይቶሻል?»

«እኛን ማን ያያል? ኔትወርክ ሲጠፋ ብቻ ነው ትዝ የምንላቸው።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ጠዋቱን ሙሉ መድኃኒት ሲያስራግፍ ሰባት ወዛደሮች አይተውታል። መርማሪዋ ወደ ስዊቹ ሄደች። ሽማግሌው እያንዳንዱን ገመድ በእጃቸው ቁጥር ጽፈውበታል፤ አንድ ቁጥር አንደኛው ቀዳዳ፣ ሁለት ቁጥር ሁለተኛው። አሥራ ሁለት ቁጥር፣ የሰርቨሩ ገመድ፣ ብቻ ባዶ የነበረው ሰባተኛው ላይ ተሰክቷል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ተንሰራፍቶ ጠበቃት።

«ኔትወርኩ ሲቋረጥ የት ነበሩ?»

«እዚሁ! ሐኪሞቹ እዬዬ ሲሉ ማን ያስተካከለው ይመስልሻል? እኔ! ከዚህ ወንበር ሳልነሳ። የሰርቨሩን የኔትወርክ አድራሻ ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አስነሳሁት፣ አለቀ። ሐኪሞቹን ጠይቂ፤ አጨብጭበውልኛል።»

«ጎበዝ ነዎት» አለችው። ደረቱ ተነፋ። ሰውዬው ሙገሳና ስድብ መለየት እንኳ አይችልም።

ሦስቱንም ሰርቨር ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሰርቨሩ ሳይጠፋ ዘጠና ሦስት ቀን ሠርቷል፤ አድራሻውም አልተነካም» አለች። «ስዊቹ የመዘገበው ይኸው። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ከአሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ገመድ ተነቀለ። አራት ተኩል ላይ ሰባተኛው ላይ ተሰካ። ይህ የእጅ ሥራ ነው። ያስተካከለው ሰው እዚህ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ነበር።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እሱም እኔ ነኝ አሉኝ። ማንም ሳያስገድድዎት።»

«ይቺ ልጅ ሰክታውስ ቢሆን?»

«የገመዶቹን ቁጥር ታውቃለች፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ትሰካው ነበር። እርስዎ ግን ቁጥር መኖሩንም አላዩም። ሽማግሌው ለጤና ተቆጣጣሪዎች ደብዳቤ እየላኩ ነበር፤ ጽሑፉን ኮምፒውተራቸው ላይ አገኘሁት፤ በተሳሳተ መርፌ እዚህ የሞተችውን እናት ካርድ እርስዎ እንዳስቀየሩ የሚያስረዳ። ደብዳቤው የሚሄድበትን የሰርቨር ገመድ ነቀሉባቸው። እሳቸው ሊሰኩት ሲያጎነብሱ እርስዎ መቷቸው። በኋላ ሐኪሞቹ ሲጮሁ፣ ሰው እንዳይወርድ ፈርተው መልሰው ሰኩት።»

«ተረት ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ላቡ ግን አገጩ ላይ ደርሷል። «የትኛው ደብዳቤ? የሄደ ደብዳቤ የለም!»

«አለመሄዱን በምን አወቁ?» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሳይሄድ የተቋረጠ ደብዳቤ ምን ይሆናል?»

ቴክኒሻኗ እዚያው ክፍል ባለው የሽማግሌው ኮምፒውተር ላይ አጎነበሰች። «ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ኔትወርክ ሲመለስ ራሱ ይሄዳል።» ስክሪኑን አነበበች። «የተላከበት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ በልጅቷ አጠገብ አልፎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ።

«ያን ጊዜ ሽማግሌው ሞተው ነበር» አለች መርማሪዋ። «የላኩት እርስዎ ነዎት።»