ያልተጠለቀው ጓንት

ሬሳው ከሆቴሉ የጎን በር ደረጃ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። አጠገቡ ተሽከርካሪ ወንበሩ ተገልብጧል፤ ከበላዩ ደግሞ ቀለሙ ገና የሚሸት አረንጓዴ የላሜራ መወጣጫ አምስቱን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ሸፍኗል። መርማሪዋ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። ጉልበቷ ስለሚያማት የትም ስትሄድ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው መውጫና መውረጃው ላይ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿም በአረማመዷ «እትዬ ቀስ» ይሏታል። መወጣጫውን እንዳየች ፊቷ ተኮማተረ። በእጁ ጎማ የሚገፋ ሰው ይቅርና ፍየልም ያን ቁልቁለት ተጠንቅቃ ነው የምትወርደው።

ሟቹ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። የባንኩን በር፣ የፋርማሲውን ደረጃ፣ የመጸዳጃ ቤቱን መግቢያ ሲለካ ይውላል፤ ለክቶ ሲያበቃ ደግሞ ሄዶ ይከሳል። ሕዝብ የሚያስተናግድ ቤት ሁሉ አካል ጉዳተኛው የሰው እጅ ሳያይ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ እንዲያበጅ ሕግ ያስገድዳል። ነጋዴው ግን ሕጉን ትቶ ጥርሱን የነከሰው በሰውየው ላይ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ቀረበና ነገሩ ግልጽ መሆኑን አስረዳ። ሰውየው ግትር ነው፤ ሰው ሳይጠራ ብቻዬን ልውረድ አለ፤ ተንከባለለ፤ የደረጃው ድንጋይ ጭንቅላቱን መታው።

«እኛ ግዴታችንን ተወጥተናል። ይኸው መወጣጫው» አለ። «ነገ ለፈቃድ እድሳት ተቆጣጣሪዎች ይመጡብናል፤ ከዚያ በፊት ቢነሳልን ጥሩ ነበር።»

«ምኑ?»

«ሬሳው ነዋ።»

መርማሪዋ ጀርባዋን ሰጥታው የሟቹ ልጅ ወደተቀመጠችበት ሄደች። ወጣቷ ጉልበቷን አቅፋ፣ ዓይኗን ከአባቷ ጫማ ላይ ሳትነቅል ተናገረች።

«ሁሉም በግትርነቱ ሞተ ይለኛል። አባቴ ግትር ነበር፤ ሞኝ ግን አልነበረም። የገዛ ጥፋቱ ገደለው ተብሎ እንዲቀበር አልፈልግም።»

«እኔም አልፈልግም፣ ልጄ።»

እትዬ ቀስ ጉልበቷን እየረገመች ቁጢጥ አለች። የሟቹ መዳፎች ንጹሕ ናቸው። ጣታቸው የተቆረጠ የቆዳ ጓንቶች ደግሞ በኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

«ወንበሩን ሲገፋ ጓንት ያደርግ ነበር?»

«ሁልጊዜ። የሚያወልቀው ሲበላና ሰው ሲሸከመው ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ጓንቶቹን በላስቲክ ከረጢት ከተተች፤ የወንበሩንም ጎማ በጣቷ ገፋ አደረገች። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ፍሬኑን አየችና ተነሳች።

ጥበቃው ጎንበስ ቀና እያለ ነበር የሚያወራው። ከምሳ በኋላ ባለሆቴሉ ቀለም ግዛ ብለው ላኩት፤ ሲመለስ ሟቹን እንዲህ ሆነው አገኛቸው። መወጣጫውን ማን እንደዘረጋው አላወቀም፤ ሥራ አስኪያጁ መስሎት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጥበቃው መስሎት ነበር።

«ድሮስ ማን ነው የሚዘረጋው?»

«ተቆጣጣሪ ሲመጣ እኔና እሳቸው ግራና ቀኝ ይዘን እናወጣዋለን። ሲሄዱ እንመልሰዋለን።»

«ወዴት?»

ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ መራት። በሩ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል ተለጥፏል። ሲከፈት የከረመ ጨርቅና የበሰበሰ ድንች ሽታ ፊቷን መታት። እግር የሌላቸው ወንበሮች እስከ ኮርኒሱ ተቆልለዋል፤ በመጸዳጃው ሳህን ውስጥ ባዶ ጠርሙሶች ታጭቀዋል፤ ደካማ ሰው እንዲይዘው ግድግዳው ላይ ከተተከለው ብረት የወለል መወልወያ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይታለች፤ እንደዚያ ሥዕል ዓይኑን በጨው ያጠበ ነገር ግን አላየችም። ከበሩ አንስቶ እስከ ጎን መውጫው ድረስ የወለሉን ሸክላ አዲስ ጭረት ፍቆታል።

«እርስዎስ ሟቹን ተሸክመዋቸው ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን ላንሳዎት ብላቸው እንደ እሳት ነደዱብኝ። ጆንያ መሰልኩህ ወይ አሉኝ። እኔ የማነሳው ወንበሩን ብቻ ነው።»

ባለሆቴሉ ቢሮው ውስጥ ፎጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ያለቅሳል። የሟቹ ሚስት ወንድም፣ የልጅቷ አጎት ነው። ስልሳውን ቢያልፍም ትከሻው የወጠምሻ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ወረቀት ነጭ ነው።

«እህቴ ስትሞት አደራ ብላኛለች» አለ። «ይኼን ሁሉ ዓመት በዚህ ጀርባ ነው የኖረው። እኔ እያለሁ መወጣጫ ምን ይሠራለታል?»

«ዛሬስ?»

«ሲመጣ ተሸክሜ አስገባሁት፤ ምሳ አብረን በላን። ከዚያ እዚህ ገባሁ። መውጣቱን አላየሁም።»

ልቅሶው እውነተኛ ነበር። እሱ ነው ይበልጥ ያስጠላት።

ብዙም ሳትቆይ ሁሉንም ጎን በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሩና መወጣጫው እንደነበሩ ናቸው። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ወንበሩን ቀና አድርገው ይግፉልኝ» አለች መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን።

ገፋ። ወንበሩ ድንጋይ ሆነበት።

«ፍሬኑ ተይዟል። ፍሬኑ የተያዘ ወንበር ቁልቁለት አይንከባለልም። ፍሬን የሚያዘው ሰውየው ከወንበሩ ሲነሳ ነው። ጓንቱም አውልቆ ኪሱ ገብቷል። ወንበሩን እየገፋ አልወረደም ማለት ነው፤ ሰው ተሸክሞት ነበር። ወንበሩ በኋላ ሊመጣለት ከደረጃው አናት ቆሞ ቀርቷል፤ ወደ ታች የተጣለው ኋላ ነው።»

«ታዲያ መወጣጫው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«መወጣጫው ቢኖር ማን ይሸከመው ነበር? የመጣው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ሲመጣም ሸክላውን እየፋቀ መጣ። እናንተ ሁለታችሁ አንሥታችሁ ነው የምታወጡት፤ ይኼን ግን አንድ ሰው ብቻውን ጎትቶታል። ደግሞ እነዚህን ምላሶች እዩአቸው።»

የመወጣጫው አንድ ጫፍ የላይኛውን ደረጃ ጠርዝ የሚነክሱ ሁለት የብረት ምላሶች አሉት። ሁለቱም ታች መሬት ላይ ነበሩ።

ጥበቃው ደነገጠ። «ተገልብጧል» አለ።

«እርስዎና ሥራ አስኪያጁ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ስለምትዘረጉት አትስቱትም። ይኼን ያደረገው ላሜራውን ቀለም አስቀብቶ ያስቀመጠ፣ አንድ ቀን እንኳ ግን በእጁ ዘርግቶት የማያውቅ ሰው ነው። ሟቹም ጆንያ አይደለሁም የሚል ሰው ነበር፤ አንገቱን አቅፎ የሚታዘለው የአንድ ሰው ጀርባ ብቻ ነው። የጀርባውን ነገር ባለቤቱ ራሱ ነገረኝ። ጥበቃውን ቀለም ግዛ ብሎ የላከውም እሱ ነው።»

ባለሆቴሉ ፎጣውን በእጁ ጨምድዶ ቆመ። ዓይኖች ሁሉ ሲዞሩበት መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ትከሻው ወረደ።

«ጀርባዬ ላይ ሆኖ ነገረኝ» አለ። «ነገ ያንን ሽንት ቤት ከፍቼ ለተቆጣጣሪዎቹ አሳያቸዋለሁ አለኝ። እኔው ተሸክሜው! እኔ እያለሁ ምን ጎደለህ አልኩት። አንተ የሌለህ ቀንስ፣ አንተን የማያውቀው ሰውስ፣ አለኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እጄን ለቀቅኩ። እጄን ብቻ ነው የለቀቅኩት።»

«ወዲያው ሞተ?»

ባለሆቴሉ መሬት መሬት አየ።

«ወንበሬን አቅርብልኝ አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«መወጣጫውን ላመጣ ሄድኩ።»

መርማሪዋ ያ የተቆለለ የወንበር ስብርባሪ ታያት፤ አንድ ሰው ደረጃ ሥር እየደማ ሲጣራ ሌላው ላሜራ ለማውጣት ያንን ክምር እያነሳ ሲያስቀምጥ። ሐኪም የሚጠራ ስልክ ከቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፊቷን አዞረች። ሥራ አስኪያጁ ስንጥሩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ባለሆቴሉ ወደ እህቱ ልጅ አንድ እርምጃ ተራመደ። «ልጄ፣ አባትሽን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የማየው። ጀርባዬ ይመስክር።»

ልጅቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። መርማሪዋ የያዘችውን ከረጢት፣ በውስጡ የታጠፉትን ጓንቶች አየቻቸው። ቆዳቸው በጎማ ጥቀርሻ ጠቁሯል። ድምጿን ሳታነሳ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ልትሸከመው ስትል ጓንቱን የሚያወልቀው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? አንገትህን ሲያቅፍ ኮሌታህን እንዳያቆሽሽብህ ነበር።»

የባለሆቴሉ እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ። ኮሌታው ንጹሕ ነበር።