የሾላ ግርጌ ስንጥቅ

ታምኑኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ነሐሴ 1956 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ሾላ ግርጌ ከምትባል መንደር በላይ።

ቀን ነው። ግን ጉሙ የዘረጉትን እጅ አያሳይም።

ያኔ ቀያሽ ነበርኩ። የወንዙን ሸለቆ ግራና ቀኝ እየዞርን፣ የትኛው መሬት ሊናድ እንደሚችል ካርታ ላይ እናመለክታለን።

አለቃዬ ጋሼ ወልደአረጋይ ነበሩ። መለኪያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ሆነው ሄደው ወለተሐናን ያጋቡኝም እሳቸው ናቸው።

አባቴ በሕይወት ቢኖር እንኳ ከሳቸው አብልጬ አላምነውም ነበር።

ጠዋት በበቅሎ መንደሩን አቋርጠን ወደ ዳገቱ ስንወጣ፣ በሽር የሚባል የመንደሩ ገበሬ ደጁ ላይ አስቆመን። ሚስቱ አሲያ ከኋላው ቆማለች።

"ጌታው፣ መሬቱ ሌሊት ሌሊት ያጉረመርማል። እንውጣ ወይስ እንቀመጥ?"

"አይተን ስንመለስ እዚሁ ደጅህ ላይ ቆሜ እነግርሃለሁ" አሉት ጋሼ። "ቃሌ ነው።"

ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ተሰንጥቆ አገኘነው። ስንጥቁ ሰው ያስገባል።

ከሥር ውኃ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ዳገት መንደሩ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ወርዶ ማየት ያስፈልግ ነበር። በዕድሜም በጉልበትም እኔ ነበርኩ የምወርደው።

ጋሼ ገመዱን ወገቤ ላይ አሰሩልኝ።

"ሁለቴ ሳብ ስታደርግ አወጣሃለሁ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

ወረድኩ...

ውስጡ ይሞቃል። በነሐሴ ብርድ፣ በአንኮበር ጉም፣ የስንጥቁ ግድግዳ እንደ ከብት ገላ ይሞቃል።

ታች ስደርስ በጎን በኩል ጠባብ ቀዳዳ አለ። የውኃ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ገመዱ ስለያዘኝ ፈትቼ መሬት ላይ አኖርኩትና በደረቴ ተስቤ ገባሁ።

ውኃ አለ። ብዙ ውኃ።

"ጋሼ... ውኃ አለ!"

"ውኃ አለ..." የሚል ድምፅ መለሰልኝ።

የገደል ማሚቶ መሰለኝ። ግን "ጋሼ" የሚለውን አልደገመውም። ድምፁም የመጣው ከላይ አልነበረም።

ከበታቼ ነው።

ወዲያው ወደ ኋላ ተሳብኩ። ገመዱ ጋ ልደርስ ስል ሁለቴ ተሳበ። እኔ ሳልነካው።

ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

"ጋሼ! እዚህ ነኝ! ጋሼ!"

ገመዱ ግድግዳውን እየፋቀ፣ አፈር ራሴ ላይ እያራገፈ ወጣ። ባዶ ገመድ እንዲያ አፈር እንደማያራግፍ ያኔ አላስተዋልኩም።

ከላይ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። እየራቀ... እየራቀ... ጠፋ።

የሥር ጫፍ እየጨበጥኩ፣ እየተንሸራተትኩ፣ ጥፍሬ ተነቅሎ እንደምንም ወጣሁ። ጋሼ የሉም። የሳቸው በቅሎ የለችም።

የእኔም በቅሎ የለችም።

እያለቀስኩ ቁልቁል ሮጥኩ። ፍርሃት አልነበረም ያስለቀሰኝ። ስሜን እንኳ ሳይጠሩ ሄዱ...

አሲያ ደጅ ላይ እንጨት ትለቅማለች። ስታየኝ እንጨቱ ከእጇ ወደቀ።

"እርስዎ... ቅድም አላለፉም እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ማን? እኔ?"

"ከትልቁ ሰውዬ ጋር። በበቅሎዎ። ሰላም ስልዎ ዝም አሉኝ።"

ጉም ነው፣ ተሳስታ ነው አልኩ። "ሰውዬው ቆመው ነገሯችሁ?"

"ማንም አልቆመም።"

በሽርን ጠራሁት። "ውጡ። አሁኑኑ ውጡ። ዳገቱ ይመጣል።"

"ትልቁ ሰውዬ ቃል ገብተውልኝ የለም እንዴ?" አለኝ በሽር። ቁጣ አልነበረበትም። ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ።

በየደጁ እየሮጥኩ ሰዉን አስወጣሁ።

መንደሩ ወደ ማዶው ጋራ ወጣ። በሽር ግን በሬዎቹን ሊፈታ ተመለሰ። አሲያ ነጠላውን ይዛ ለመነችው። "ወላሂ፣ አሁን መጣሁ" አላት።

ዳገቱ ሲወርድ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አልነበረም። ረጅም ትንፋሽ ይመስል ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ ሾላ ግርጌ የለችም። በሽርም የለም።

አሲያ አላለቀሰችም። እኔን ብቻ ነበር የምታየው። እግሬን፣ እጄን፣ ፊቴን... ሰው መሆኔን እንደምታጣራ ሁሉ።

በማግስቱ ከአንኮበር የእህል መኪና አግኝቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ቤቴ እንኳ ሳልደርስ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ለምን ተውከኝ?"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ገብረአብ... ከቤትህ መቼ ወጣህ?"

"ከየትኛው ቤት?"

"ትናንት እኮ ደጅህ ድረስ ያደረስኩህ እኔ ነኝ።"

"በሽር ሞቷል" አልኳቸው። "ደጁ ላይ ቆመህ ልትነግረው ቃል ገብተህለት ነበር።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልቆም ነበር። የበቅሎዬን ልጓም የያዝከው አንተ ነህ። 'አትንገራቸው' አልከኝ። ከስንጥቁ ስቤ ካወጣሁህ በኋላ የተናገርከው ያንን ብቻ ነው። እኔም ውኃ የለም ማለትህ መሰለኝ።"

አላመንኳቸውም። ጉድጓድ ውስጥ ጥለውኝ፣ ሰው አስበልተው፣ አሁን ደግሞ ኃጢአቱን በእኔ ያላክካሉ ብዬ በረንዳቸው ላይ ምራቄን ተፋሁ። ያን ሁሉ ዓመት አባቴ ያልኳቸውን ሰው... ዳግመኛ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ሲሞቱም አልቀበርኳቸውም።

ግን በዚያው ቀን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወለተሐና በሩን በጥቂቱ ከፍታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ..." አለች። "ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።"

"ማንን?"

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ ወደ መኝታ ክፍሉ ተመለከተች።

አልፌያት ገባሁ።

አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ እስከ ላይ ተስቧል። ከሥሩ ሰው የተኛ ይመስላል። ጫፉን ይዤ ገለጥኩት...

ጭቃ ነው። ቀይ፣ እርጥብ ጭቃ።

ልክ እኔ እንደምተኛው በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጓል።

ፊት የለውም።

ደረቱ ግን... ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።