ከቁራሌ ዕቃ የተሠራ ሲኒማ

አጋፋሪው አየር የሚለቀው በሰው ቁጥር ነበር። ይርዳው ብቻውን ስለሚኖር የአንድ ሰው ይለቅለታል፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ ይጨምራል፣ እንግዳው በሩ ላይ ሲሰናበት ይቀንሳል። አጋፋሪ የሚሉት በከርሰ ምድር ከተማው የየቤቱን በርና አየር የሚጠብቀውን ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። የሠሩት መሐንዲሶች የአገር ልጆች ስለሆኑ ይሉኝታም አስተምረውታል፤ ባለቤት እንግዳ ቤቱ አስቀምጦ ውልቅ ማለት አይችልም።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ይርዳው የስድስት ወር ሥራውን ጨረሰ። አዲስ የቤት ሲኒማ መግዛት ለጡረተኛ የማይታሰብ ነውና ሁሉንም ከቁራሌው ለቃቅሞ ነው የሠራው። ፕሮጀክተሩ ከተጣለ የጥርስ ሐኪም መብራት፣ ወፍራሙ ድምፅ ማጉያ ከተሰነጠቀ የውሃ በርሜል፣ ትንንሾቹ አምስቱ ከአሮጌ የእሳት አደጋ ጥሩምባ። ስክሪኑ አንሶላ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ሲለጥፍ ጎረቤቶቹ «ዶሮ ልታረባ ነው?» ብለው ስቀውበታል።

እሱ ግን ምክንያት ነበረው። አንድያ ልጁ ምንትዋብ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለአሥራ ሁለት ዓመት ወደ ማርስ ትሄዳለች። ይርዳው አኩርፏል፤ ሽማግሌ ቢላክበትም አልመርቅም ብሏል። መንኮራኩሩ የሚነሣበት ጣቢያ ድረስ ሄዶ ከሩቅ ሊያያት፣ ድምፅዋን ደግሞ እዚሁ ቤት ሊያስቀር ነበር ሐሳቡ።

የምንትዋብን የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ድግስ ቪዲዮ ከፈተ። ድግሱ የተደረገው እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው። ድምፁ ከየአቅጣጫው ሲመጣ ይርዳው ሳያስበው ለሚያልፍ ሰው መንገድ ለቀቀ። «አባ፣ ቁጭ በል እንጂ!» አለችው ምንትዋብ ከግራ በኩል። ዞረ። ማንም አልነበረም፤ አለቀሰ።

የአየር ቱቦው ወዲያው ጮኸ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ አጋፋሪው። «ምንትዋብና ሠላሳ እንግዶች።»

ይርዳው ሳቀ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም አጥፍቶ፣ ካፖርቱን ደርቦ ወደ በሩ ሄደ። በሩ አልተከፈተም።

«እንግዶችህን ጥለህ ወዴት ነው?»

«ምን እንግዳ አለ? ቪዲዮ ነው!»

«ገብተዋል፤ አንድም አልተሰናበተም። ዝም ያሉት ምግብ ቀርቦላቸው ይሆናል።»

ለመነው፣ ሰደበው፣ በሩን በእርግጫ መታው። ጥገና ክፍል ደወለ፤ ከሰዓት በኋላ እንመጣለን አሉት። የሠላሳ ሁለት ሰው አየር እየነፈሰለት ትንፋሽ አጠረው። ካርቶን የለበሰው ግድግዳ የተጠጋው መሰለው፤ በገዛ እጁ እስር ቤት እንደሠራ ገባው።

ከዚያ አንዱን ጥሩምባ ነቅሎ፣ ሽቦውን እየጎተተ በሩ ሥር አስቀመጠውና የቪዲዮውን መጨረሻ ከፈተ፤ እንግዶቹ ይሰናበቱ ብሎ። የኛ ሰው ደግሞ ወሬው የሚመጣለት በሩ ላይ ነው። «በሉ እንግዲህ» ይላሉ፣ «እሺ በሉ» ይላሉ፣ ንቅንቅ የሚል የለም። የሟች ሚስቱ አጎት ብቻቸውን አምስት ደቂቃ ፈጁ። ይርዳው ሰዓቱን እያየ ካፖርቱ ውስጥ በላብ ተጠመቀ።

«ሠላሳዎቹ ተሰናብተዋል» አለ አጋፋሪው በመጨረሻ። «ምንትዋብ ቀርታለች።»

ምንትዋብ ያኔ የቤቱ ልጅ ነበረች፤ ቪዲዮው ውስጥ የትም አትሄድም።

በሩ ተንኳኳ።

«አባ! ሳልሰናበትህ መሄድ አልቻልኩም። ክፈትልኝ፣ አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ!»

«ምንትዋብ ውስጥ ናት» አላት አጋፋሪው። «አንቺን አላውቅሽም።»

«እሷ ናት! ልጄ ናት፣ ክፈት!» ጮኸ ይርዳው።

«ውስጥ ያለችውን ሸኛት፤ እከፍታለሁ። ልጅ ከቤት የምትወጣው አባቷ ሲመርቃት ነው።»

ይርዳው ወደ ቪዲዮው ሮጠ። በድግሱ ቀን መርቋት ነበር። አገኘው፤ የራሱ ድምፅ ከበርሜሉ ወጣ። «ከዓይኔ አትራቂ፣ አጠገቤ ኑሪልኝ።»

«ይህ ማስቀረት ነው» አለ አጋፋሪው። «መሸኘት አይደለም።»

ይርዳው ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ። ቃሉን ስድስት ወር ሙሉ አፍኖት ነበርና ሲወጣ አመመው።

«ምንትዬ... ሂጂ። መንገዱን ያቅናልሽ። የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እዚያም ሰው አይንሳሽ። ስትመለሺ ባታገኚኝም፣ ተቀይሞኛል ብለሽ እንዳታስቢ።»

«አሜን» አለች ከበሩ ማዶ፣ እያለቀሰች።

በሩ ተከፈተ። ተቃቀፉ። ምንትዋብ በትከሻው ላይ አሻግራ አንሶላውን፣ በርሜሉንና ካርቶኑን አየች።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው፣ አባ?»

«አንቺን ማስቀሪያ ነበር» አላት። ሻንጣዋን ተቀበላትና አብረው ወደ ጣቢያው ሮጡ።

ከኋላቸው አጋፋሪው «ሁሉም ተሸኝተዋል፤ ቤቱ ባዶ ነው» ብሎ አየሩን ዘጋ። ከጠዋት ጀምሮ በትክክል የቆጠረው ያኔ ነበር።