የቃል ዐለት መሐላ

የዛምራ ሰባት ምንጮች በአንድ ጀንበር የደረቁት በመከር መግቢያ በዓል ላይ ነበር። ንጉሥ ኢያዶር እጁን ዘርግቶ ሕዝቡን ሲመርቅ የአደባባዩ ፏፏቴ እንደሚያጣጥር ሰው አቃሰተና ቀጥ አለ። ወዲያው የቤተ መቅደሱ ጠባቂዎች እየጮኹ ወጡ። ከጥንት ጀምሮ ውሃን ከምድር ሆድ ወደ ዛምራ የሚስበው አረንጓዴ ዕንቁ፣ የውሃ ልብ የሚሉት፣ ከመንበሩ ላይ ተሰርቋል። ሌባው ፊቱን በጥቁር ሻሽ የሸፈነ ቢሆንም ስሙን ግን አልደበቀም። «የጨው ምድር አለቃ ዶርዜን ወሰደው ብላችሁ ንገሩ» ብሏቸው ሄዷል።

በመጀመሪያ ከብቱ አለቀ። ቀጥሎ ሕፃናት መሞት ጀመሩ።

ልዑል ኬራም፣ የንጉሡ አንድያ ልጅ፣ አንዲት እናት የሞተ ልጇን ከንፈር በምራቋ ስታርስ ያየ ዕለት ወደ ቤተ መንግሥቱ አልተመለሰም። በቀጥታ ወደ ቃል ዐለት ወጣ። በዚያ ዐለት ላይ እጁን ጭኖ የማለን ሰው ቃል ንጉሥም ካህንም አይፈታውም፤ ምድሪቱ ራሷ ሰምታ ትፈጽመዋለች። ሕዝቡ ይህን ያውቃልና ተከትሎት ጎረፈ።

«እኔ ኬራም የኢያዶር ልጅ፣ የውሃ ልብን ወደ መንበሩ እስክመልስ ድረስ በቤቴ ጣሪያ ሥር አልተኛም!» አለ።

ሕዝቡ በእልልታ ምድሪቱን አናወጣት። ከጎኑ የቆመው ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬ ጉርሙ ክንዱን ያዘው።

«ይበቃል ልዑሌ። መሐላህ ሙሉ ነው፤ እንውረድ» አለው።

ኬራም ግን እልልታው በደም ሥሩ ውስጥ ይሮጥበት ነበር። የገዛ ድምፁ እንዲህ ሲያስገመግም ሰምቶ አያውቅም። ክንዱን አስለቅቆ ጨመረበት።

«ሌባውን ረግሜዋለሁ! እሱም ሆነ ከእሱ ጋር አንድ ማሕፀን የተጋራ ሁሉ የዛምራን ውሃ ቢቀምስ፣ የቀመሰው ውሃ በጉሮሮው ውስጥ እሳት ይሁንበት!»

ዐለቱ ከእጁ ሥር ሞቀ። ጉርሙ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ቁጭ አለ። ኬራም ሽማግሌው በኩራት ያለቀሰ መሰለው።

ሦስት ሆነው ወጡ፤ ኬራም፣ ጉርሙና ታሚር የምትባል ዒላማዋን የማትስት ቀስተኛ። ወደ ጨው ምድር የሚያስገባው አቋራጭ መንገድ የአመድ ገደል ሲሆን፣ በእሱም ውስጥ አመድ የሚተፋ ዘንዶ ይኖራል። ቆዳው ከድንጋዩ አይለይምና እግራቸው ሥር ያለው ቋጥኝ ዓይኑን እስኪገልጥ ድረስ አላዩትም። ታሚር አንዱን ዓይን በቀስት አጠፋችው። ዘንዶው አብዶ ኬራምን ሊውጥ አፉን ሲከፍት፣ ጉርሙ ከነጋሻው በመንጋጋው መካከል ገብቶ ቆመ። ኬራም ሰይፉን በተከፈተው ጉሮሮ ሰደደ። ዘንዶው ሞተ፤ የጉርሙ ወገብ ግን ተሰብሮ ነበር።

ኬራም የጉርሙን ጭንቅላት በጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጥቂት ወተት የቀረበት ኮዳ ሲያቀርብለት ሽማግሌው ገፋው።

«ስማኝ ልጄ። እናንተ መንታ ነበራችሁ።»

«እነማን?»

«አንተና ዶርዜን። በተወለዳችሁ ዕለት ባለ ራእይዋ “ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ይገድለዋል” አለች። አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁለታችሁ አንዱን አነሣና “ለጅብ ጣለው” ብሎ ሰጠኝ። ታላቅየው ነበር። መጣል አልሆነልኝም። ለጨው ነጋዴዎች ሰጠሁት፤ ዶርዜን ብለው እንዳሳደጉት ኋላ ሰማሁ። ለንጉሡም ጣልኩት ብዬ ዋሸሁ።»

«እስካሁን ለምን ዝም አሉ አባባ?»

«ፈራሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ፈራሁ።» እጁን ያዘው። «ሰይፍህን እንዳታነሣበት።»

በዚያው አረፈ። በአመዱ ውስጥ ቀበሩትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ኬራም መንገዱን ሁሉ ስለ ሰይፉ ብቻ ሲያስብ ሄደ። ይህን ሰይፍ ካላነሣሁ ትንቢቱ ውሸት ሆኖ ይቀራል፤ አባቴ የፈራውን እኔ አሸንፈዋለሁ፤ እያለ።

የጨው ምድር መንደር ነጭ ሆኖ ይነድዳል። ሰዎቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በመንደሩ መካከል፣ ከአረንጓዴው ዕንቁ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ምንጭ ትፈልቃለች። ሕፃናቱ ዙሪያዋን ከበው እንደ ብርቅ ያዩዋታል። ዶርዜን ጦሩን ይዞ ወጣ። ታሚር ቀስቷን ስትወጥር ፊቱን አይታ እጇ ላላ፤ የኬራምን ግንባርና ቅንድብ የያዘ ሌላ ሰው ቆሞባታል።

«ዛምራዊ! ይህ ድንጋይ የማንን ውሃ ሲስብላችሁ የኖረ ይመስልሃል?» አለ ዶርዜን። «የእኛን ነው። እናንተ በፏፏቴ ስትጫወቱ እኛ ልጆቻችንን በጨው ውስጥ እንቀብር ነበር።»

ኬራም ሰይፉን ከእግሩ ሥር ወረወረለት። «ልዋጋህ አልመጣሁም። ወንድምህ ነኝ።»

ዶርዜን ሳቀ። ከኋላው ግን ያሳደገችው እናቱ ሄዳሎ ቀስ ብላ ቀረበች። «የጨው ነጋዴዎች ናቸው ያመጡልኝ» አለች፤ «በቀይ ሐር ተጠቅልለህ። ያን ዓይነት ሐር በእኛ አገር የለም። ልጄ፣ ሰውየው እውነቱን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ። ኬራም ዕንቁው ሲመለስ ከዛምራ እስከ ጨው ምድር ቦይ ሊያስቆፍር ቃል ገባ። ዶርዜንም ወደ ምንጯ ጎንበስ ብሎ፣ «ሕፃን በጥም ሲሞት አይቻለሁ። የማንም ልጅ ቢሆን ደግሜ ማየት አልፈልግም» ብሎ ዕንቁውን አነሣ። በመንገድ ላይ የግመል ወተት እየተጋሩ፣ እንደ ሕፃናት እየተላፉ ተጓዙ። ኬራም ወንድም ምን እንደሆነ በዚያ መንገድ ላይ ተማረ።

ንጉሥ ኢያዶር ሁለቱን ጎን ለጎን ባየ ጊዜ ከዙፋኑ ወርዶ በጉልበቱ ወደቀ። ዶርዜን አልፎት ወደ ቤተ መቅደሱ ገባና ዕንቁውን በመንበሩ አኖረ። ሰባቱ ምንጮች እየጮኹ ፈነዱ። ካህኑ የመጀመሪያውን ውሃ በወርቅ ዋንጫ ቀድቶ ለአልጋ ወራሹ አቀረበ። ኬራም ዋንጫውን ተቀብሎ፣ ደስታው ዓይኑን ጋርዶት፣ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ታላቄ ነህ፤ ቅደመኝ።»

ዶርዜን እየሳቀ ጨለጠው።

ሳቁ አልተቋረጠም፤ ወደ ሌላ ድምፅ ተለወጠ እንጂ። ጉሮሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ከአፉ ጭስ ወጣ። ኬራም አቅፎ ወደ ምድር ሲያወርደው በዓይኑ ውስጥ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ መልሱን ሳይሰማ ሄደ።

ኬራም እርግማኑ የታወሰው ያኔ ነው። አስፈሪ የሆነበት ግን ቃሉ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ይበቃል ሲለው ለምን እንደጨመረ አሁን አወቀ። ለሞተው ሕፃን አልነበረም። እልልታው እንዳያቆም ብሎ ነው። ሰይፉን ሲጠብቅ፣ ወንድሙን የገደለው አፉ ነበር።

ንጉሡ «ልጄ…» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አባቴ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ከሁለታችን አንዱን ሲያነሡ ሁለታችንንም ነበር የጣሉን» አለው። «ቦዩ ይቆፈር። ከዚህ ሌላ ከእርስዎ ምንም አልፈልግም።»

በውጭ ሕዝቡ በምንጮቹ ውስጥ እየዘለለ ስሙን ይዘፍን ነበር። ታሚር በሩ ላይ ቆማ «ወዴት ትሄዳለህ? የትስ ትጠጣለህ? የዛምራ ውሃ ላንተም እሳት ነው» ብላ አለቀሰች። አስከሬኑን በግመል ጭኖ በዘፈኑ መካከል አለፈ።

ሄዳሎ ከመንደሩ ውጭ ጠበቀችው። የተገነዘውን ልጇን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያም «ማን ገደለው?» አለች።

ኬራም መንገዱን ሁሉ ብዙ ንግግር ሲያዘጋጅ መጥቶ ነበር፤ ስለ ባለ ራእይዋ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ዐለቱ።

«እኔ» አለ።

ሄዳሎ ወደ ቤቷ ገብታ ዶማ ይዛ ተመለሰች። «እንግዲያው መቃብሩን አንተ ቆፍር።»

ቆፈረ። ከዚያም ከጨው ምድር ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ዛምራዎቹ ከወዲያ ሲቆፍሩ እሱ ከወዲህ ቦዩን ቆፈረ። ውሃው የደረሰ ቀን መንደሩ ሁሉ ከነልብሱ ገባበት። ሕፃናት እስኪያስላቸው ጠጡ። ኬራም ከጨው ክምሩ ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ የውሃው ድምፅ ግን ይሰማዋል። ሄዳሎ ከሰዎቹ ተለይታ መጣች። የግመል ወተት የሞላ ቅል ከጎኑ አስቀመጠችና ተመልሳ ሄደች።