የጠመኔው ግድግዳ

«ለመላው የቤታችን ሕዝብ! በሻይ ላይ ተጥሎ የነበረው የአንድ ማንኪያ ስኳር ገደብ ከዛሬ እሑድ ጀምሮ ተነሥቷል። እያንዳንዱ ዜጋ ሁለት ማንኪያ የማግኘት ሙሉ መብት አለው። ማንኪያ ሲባል የሻይ ማንኪያ እንጂ ጭልፋ አይደለም፤ ይህ በተለይ ዩምናን ይመለከታል!»

አዋጁን የሎሚ ሣጥን ላይ ቆሞ ያሰማው ጃፈር ነው፤ የስምንተኛ ክፍሉ ተማሪ የዓብዱራህማን አባት። የሰባት ዓመቷ ዩምና ጭልፋውን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰች። እናታቸው ሙስሊማ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። የዓብዱራህማን ዓይን ግን የአባቱ እግር ላይ ነበር። አባቱ የዕዳውን ካልሲ አድርጎታል!

በዚህ ቤት ገንዘብ የሚቀመጠው ጥንዳቸው በጠፋ ሦስት ካልሲዎች ነበር፤ አንዱ የሆድ፣ አንዱ የዕዳ፣ አንዱ የቤት። ጃፈር ከአልዩ አምባ ያስጫነው ሎሚ መንገድ ተዘግቶ መኪና ላይ ከበሰበሰበት ጊዜ ጀምሮ፣ ገንዘቡን ላበደሩት ለጅምላ ነጋዴው ለአቶ ዘሥላሴ ሲከፍል ኖሯል። ትናንት ጨረሰ። ሙስሊማም ባዶውን ካልሲ አጥባ አሰጣችው። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ካልሲ ያለ ሥራ አይሰጣም።

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ጃፈር ጣቶቹን እያወዛወዘ። «ዕዳ እንዲህ እንደሚሞቅ ማን ያውቅ ነበር?»

አሁን የቀረው ቤት መግዛቱ ነው። ቤቱ ግን ለእነሱ ድሮም ነበር። የተከራዩት አንድ ክፍል ብቻ ቢሆንም፣ ጃፈር የሲሚንቶውን ወለል በጠመኔ ከፋፍሎ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ የእናትና የአባት መኝታ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የዓብዱራህማንን ክፍል ሠርቶበታል። ሕጉ ጥብቅ ነው። በግድግዳ አይታለፍም። ከመግባት በፊት በአፍ «ኳ ኳ» ተብሎ በር ይንኳኳል። ከግድግዳ ወዲያ የተወራ ነገር አይሰማም። ይህን ሕግ የማያከብሩት አከራያቸው ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ብቻ ናቸው፤ ኪራይ ሊጠይቁ ሲመጡ ሁለት ግድግዳ ጥሰው ሳሎን መሃል ይቆማሉ።

ከሁሉም የዓብዱራህማን ክፍል ያምር ነበር። ስፋቱ አንድ ፍራሽ ነው፤ እውነተኛው ግድግዳ ላይ በጠመኔ የሳለው መስኮት ግን ትልቅ ነበር። ጋደም ብሎ ሲያየው፣ ጉሙ ከአንኮበር በኩል እየተንከባለለ ይመጣል፤ በመስኮቱ ይገባል፤ ፍራሹን ከነእሱ አንሥቶ ከገደሉ አፋፍ በላይ ቀስ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። ከሥሩ ቆላው ተዘርግቶ፣ የአያቱ ሰፈር እንደ ክብሪት ሣጥን አንሶ ይታየዋል። ለክፍል ጓደኛው ለታደለም «የራሴ ክፍል አለኝ፤ መስኮቱ አንኮበርን ያሳያል» ብሎታል።

«አቦ አትሸውደኝ! እስቲ አንድ ቀን ውሰደኝ።»

«ቆይ፣ ቀለም እየተቀባ ነው።»

ቀለሙ ይኸው ሁለተኛ ወሩን ይዟል።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ዓብዱራህማን ባለ ሁለት ማንኪያ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እናትና አባቱ ሳሎን ተቀመጡ። ልጁ በሩን ስለዘጋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አላስፈለጋቸውም።

«ወዳጄ ሠረቀብርሃን ወደ አረርቲ ሊዛወር ነው» አለ ጃፈር። «ጠባሴ ሰፈር ያለችውን ቤቱን ለአንተ እሸጥልሃለሁ ብሎኛል።»

«ባለ ስንት ቆርቆሮ ናት?»

«ባለ ሠላሳ። የቤቱ ካልሲ ልክ ይበቃታል።»

«አልሀምዱሊላህ! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«ያላት ሳሎን፣ ማድ ቤትና አንድ መኝታ ነው። ለልጁ ክፍል መቀጠል አለበት። አሥር ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ ጭቃ፣ የአናጢ ዋጋ… ነገ ጠዋት ዘሥላሴ ጋ ብቅ ብዬ…»

«ጃፈር! የዕዳው ካልሲ እኮ ገና ትናንት ነው የታጠበው!»

«ቃል ገብቼለታለሁ፣ ሙስሊማ። ይህን ሁሉ ጊዜ መራራ ሻይ የጠጣው ለዚያች ክፍል ብሎ ነው። አንድም ቀን አላጉረመረመም።»

ይህ እውነት አልነበረም። ለታደለ በየቀኑ አጉረምርሟል።

«ገብተን፣ ቆይተን ብንቀጥልለትስ?»

«ቆይተን ስንል ልጁ ያድግና ይሄዳል። ያኔ ክፍሉ ለማን ነው?»

 ሙስሊማ ቀስ ብላ «እኔ ከዘሥላሴ ጋር ሌላ ዓመት የምኖርበት ጉልበት የለኝም» አለች።

ዓብዱራህማን ከእነሱ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተጋድሟል። ተነሥቶ «እኔ አልፈልግም!» ማለት አማረው። ግን እንዴት ይበል? በመካከላቸው ግድግዳ አለ።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ጉሙ እንደ ልማዱ መጣ። ግን ከጉሙ ጋር አቶ ዘሥላሴም ገቡ፤ ኮታቸውን ሳያወልቁ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዓብዱራህማን ቦታ ለቀቀላቸው። ፍራሹ ሊነሣ ሞከረ፤ ሁለት ሰው ከበደውና ተመልሶ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ሰውየው የሚሄዱ አይመስሉም፤ እጃቸውን አጣጥፈው የእሱን አንኮበር ያዩ ጀመር።

ጠዋት ጃፈር አቶ ዘሥላሴ ጋ ለመሄድ ጫማውን ሲያስር፣ ዓብዱራህማን ጨርቅ አርጥቦ መጣና በጉልበቱ ተንበረከከ። መጀመሪያ የክፍሉን በር፣ ቀጥሎ ረጅሙን ግድግዳ እየፈተገ አጠፋው። ጠመኔው ወተት መስሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«እማ! ዓብዱ ቤቱን አፈረሰው!» ብላ ጮኸች ዩምና።

መስኮቱ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። አየው። ሳይነካው ተመለሰ።

ጃፈር አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ቆሟል። «ዓብዱ፣ ማታ… ሰምተህ ነበር እንዴ?»

«ምኑን? ከግድግዳ ወዲያ የተወራ አይሰማም።»

«ታዲያ ክፍልህን ለምን አጠፋኸው?»

«አልናገርም።»

ጃፈር ሚስቱን አያት፤ እሷ እርጥቡን ወለል ታያለች። የሎሚ ሣጥኑ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ያሰረውን ጫማ ፈታው።

«እንዴት አትናገርም? የምጠይቅህ እኮ አባትህ ነኝ!»

ዓብዱራህማን ጨርቁን ጨመቀው።

«አልናገርም፣ አባ።»